ሙት ወቃሽ አያድርገንና… (ስለ መሪዎቻችን ሞትና ስላልወጣልን ልቅሶ)

ከለንደን

በአገራችን ስለ ሞተ ሰው ክፉ ለመናገር የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ይላል። ይህን ካለ በኋላ የልቡን ይናገራል። አባባሉ ይቅርታ መጠየቂያም ፈቃድ ማግኛም ነው። ተናጋሪው ሟቹ ተነሥቶ መልስ እንደማይሰጥ ያውቃል፤ የሟቹ ሥራ ግን አብሮት አፈር እንዳልገባም ያውቃል። ለጎረቤትና ለሩቅ ዘመድ ይህ ወግ ይበቃ ይሆናል። ወደ አገር መሪዎች ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያለፈውን አንድ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ለመረመረ ሰው፣ እኛ ኢትዮጵያውያን የገዙንን ሰዎች በወጉ አልቅሰንላቸውም፣ በወጉ ወቅሰናቸውም አናውቅም። ወይ ሞታቸው ተደብቆናል፣ ወይ እንዳናለቅስ ተከልክለናል፣ ወይም እንድናለቅስ ታዝዘናል።

ነገሩን ለማንሣት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚሁ ከለንደን፣ ከዊምብልደን እንጀምር።

በደቡብ ምዕራብ ለንደን በካኒዛሮ መናፈሻ ውስጥ የቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአንገት በላይ የሆነ ሐውልት ነበር። የቀረጸችው ሂልዳ ሴሊግማን የምትባል እንግሊዛዊት ናት። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከፋሺስት ወረራ ሸሽተው እንግሊዝ አገር ሲገቡ በቤቷ በእንግድነት ተቀብላቸው ነበር። ሐውልቱ ያን የስደት ዘመን የሚያስታውስ፣ ሰው ውሻውን ይዞ ሲያልፍ ቆም ብሎ የሚያየው፣ ለማንም የማያስቸግር ነገር ነበር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ሰኔ 23 ቀን በለንደን ሰልፍ የወጡ ሰዎች ወደ መናፈሻው ገብተው ሐውልቱን ሰባበሩት። በዚያው ሰሞን በሐረር የንጉሠ ነገሥቱ አባት የራስ መኮንን ሐውልት ፈረሰ። አባትና ልጅ፣ አንዱ በሐረር አንዱ በዊምብልደን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሞቱ ማለት ነው። በአገር ቤት የሆነው ደግሞ ከድንጋይና ከነሐስ እጅግ የከፋ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቆይቶ ባወጣው ዘገባ በኦሮሚያ ብቻ ቢያንስ 123 ሰዎች መገደላቸውን መዝግቧል። ከነዚህ ብዙዎቹ ከሃጫሉ ሞት ጋር አንዳች ግንኙነት ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው።

ያን ጊዜ በስደተኛው መካከል የተነሣው ጭቅጭቅ በአብዛኛው በሰባሪዎቹ ማንነት ላይ ቀረ። ይህ ጸሐፊ ግን ሌላ ጥያቄ አለው። ሃጫሉ ሲወለድ ንጉሠ ነገሥቱ ከሞቱ ዓሥር ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። በአንድ ወጣት ድምፃዊ ሞት የተቀሰቀሰ ኀዘን ስለምን ከ45 ዓመት በፊት በሞተ ሽማግሌ ንጉሥ ፊት ላይ አረፈ? መልሱ የፖለቲካ ቅስቀሳ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ቅስቀሳ አልነበረበትም ማለትም አይቻልም። ነገር ግን ቅስቀሳ የሚይዘው ደረቅ ሣር ሲያገኝ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ጉዳይ ዘግተን የምናውቀው ጉዳይ አይደለም።

እንዴት እንደሞቱ እናስታውስ። ደርግ ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. በአጭር መግለጫ፣ ኃይለ ሥላሴ ባለፈው ቀን በሕመም ምክንያት ሞተው ተገኙ አለ። ምክንያቱም ቀደም ሲል የተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ያስከተለው ችግር ነው ተባለ። ሐኪማቸው የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን ከሕክምናው የተነሣ እንዲህ ያለ ችግር አልተፈጠረም በማለት የመንግሥቱን ቃል ሳይቀበሉት ቀሩ። ቀብር አልተደረገም፤ መቃብሩም አልተነገረም። በባህላችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር አንባቢ ያውቃል። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰባስቦ፣ ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል፤ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማው፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው እንዲኖር። አገርን በአልጋ ወራሽነትና በንጉሠ ነገሥትነት ከሃምሳ ዓመት በላይ የመሩ ሰው መርዶ ግን በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ተነገረና አለቀ።

ለሚወዷቸው ልቅሶ ተከለከለ። ለሚከሷቸውስ? እነርሱም ምንም አላገኙም። የወሎን ረሀብ የመሰለ ከባድ ክስ ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለዚያ ረሀብ ያቀረበውን ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር እየቀላቀለ በ1967 አዲስ ዓመት ዕለት በቴሌቪዥን አሳየና በማግሥቱ ንጉሡን አወረደ። ሕዝቡ ያየው ፊልም እንጂ ችሎት አይደለም። ጭሰኛው፣ ማኅበሩ የተዘጋበት የሜጫና ቱለማ ሰው፣ ልጁ በረሀብ ያለቀችበት የወሎ ገበሬ፣ አንዳቸውም ቆመው «አቤት፣ ይህን አድርገውብኛል» ብለው ተከሳሹ ሲመልስ አልሰሙም። ተከሳሹ በጓሮ ጠፋ። አስከሬኑ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከመሬት በታች የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ስምንት ዓመት በበኣታ ተቀምጦ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። የኢሕአዴግ መንግሥት የመንግሥት ቀብር አልፈቀደም፤ የወጣውም ሕዝብ የተጠበቀውን ያህል አልነበረም። ሃያ አምስት ዓመት የቆየ ልቅሶ ይደርቃል። የራስታፈሪ ወንድሞቻችን ብዙዎቹ ንጉሡ መሞታቸውን አሁንም አይቀበሉም ብለን እንስቃለን፤ በዚህ ረገድ ከእኛ ምን ያህል እንደሚለዩ እጠራጠራለሁ። እኛም አንዴ አምላክ አንዴ ጋኔን እያደረግን እንደ ሕያው ሰው ስንከራከራቸው እንውላለንና።

ደርግ በንጉሡ ላይ ያደረገውን ቀደም ብሎ በስልሳዎቹ ላይ አድርጎት ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት የተረሸኑትን ባለሥልጣናትና የጦር መኮንኖች ጉዳይ የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራ ላይ ነበር። ምርመራው ሳያልቅ ተመርማሪው አለቀ። ኢትዮጵያ በሕግ ፊት ሹሞቿን ልትጠይቅ የቀረበችበት ያ አንድ ዕድል በአንድ ሌሊት ተዘጋ፤ ጥፋተኛውም ንጹሑም በአንድ ጉድጓድ ገቡ። በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ ክልከላው ወደ እያንዳንዱ ቤት ገባ። እናት በልጇ አስከሬን አጠገብ እንዳታለቅስ፣ ጥቁር እንዳትለብስ፣ ድንኳን እንዳትጥል ተከለከለች። አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ልቅሶ በአገራችን ከጸሎት ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነው፤ ዕድሩ፣ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ተዝካሩ ሁሉ የሚታሰረው በእርሱ ነው። ያን የከለከለ መንግሥት ሟቹን ብቻ ሳይሆን ጎረቤታሞችን እርስ በርስ ለያየ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሞትን መደበቅ ደርግ የፈጠረው ጥበብ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ እንዳይገለጽ ተደርጓል። ለዓመታት ታመው ስለነበር ሕዝቡ ጠርጥሮ ነበር፤ ነገር ግን መጠርጠርና መስማት አንድ አይደለም። ሥልጣን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት የታወቀ ሥርዓት በሌለበት አገር የንጉሥ ሞት የመንግሥት ምሥጢር ይሆናል።

ከዚያ ከአንድ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ክረምት፣ ያው ነገር በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት ዘመን ተደገመ። አቶ መለስ ዜናዊ ከሰኔ ወር ጀምሮ ከሕዝብ ዓይን ተሰወሩ። ባለሥልጣኖቻቸው እያገገሙ ነው፣ በቅርቡ ይመለሳሉ ይሉ ነበር። «ፍትሕ» ጋዜጣ ስለ ጤንነታቸው ባወጣው ዘገባ ምክንያት ታትሞ ሳለ እንዳይሠራጭ ታገደ። በውጭ አገር የሚገኘው ኢሳት ሞተዋል ሲል መንግሥት አስተባበለ። በመጨረሻ ነሐሴ 15 ቀን ማለዳ ቴሌቪዥኑ ባለፈው ሌሊት በውጭ አገር በሕክምና ላይ ሳሉ ማረፋቸውን ተናገረ፤ ቦታው ብራስልስ መሆኑ ከአውሮፓ ኅብረት በኩል ተሰማ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ አይረሳውም። የምኒልክ ዘመን ድብቆሽና የደርግ ዘመን ክልከላ ተገልብጠው መጡ። እስከ ቀብሩ ዕለት እስከ ነሐሴ 27 ቀን ድረስ አገሪቱ በሙሉ በልቅሶ ላይ እንድትቀመጥ ተደረገ። ቀበሌው ድንኳን ጣለ፤ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን አሰልፎ ወደ ቤተ መንግሥት ላከ፤ ሙዚቃ ዝም አለ፤ ፎቶግራፋቸው በየአደባባዩ ተሰቀለና ለወራት አልወረደም። ያን ሰሞን ከአገር ቤት የደወለ ዘመድ ሁሉ ቃሉን እየመረጠ ይናገር ነበር።

ያለቀሰው ሁሉ ተገድዶ ነው ማለት ግን ሐሰት ነው። ከልባቸው ያለቀሱ ብዙዎች ነበሩ፤ የሚወዷቸውም የሚፈሯቸውም፣ ነገ ምን ይመጣ ይሆን ብለው የሰጉም። በእኛ ባህል ደግሞ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው የሚያለቅሰው ለዚያ ሟች ብቻ አይደለም፤ የራሱንም ሙት እያነሣ ነው። በእነዚያ ድንኳኖች ውስጥ ስንት የቀይ ሽብር ልጅ፣ ስንት የባድመ ወታደር በሌላ ሰው ስም እንደተለቀሰ ማን ያውቃል? ትእዛዙ ያበላሸው ይህን ነው። የሚያለቅሰውን ከሚያስመስለው ለመለየት እንዳይቻል አደረገ፤ ዝም ማለት የፈለገውንም ተጠርጣሪ አደረገው። የአገሪቱ ምክር ቤት ያን ጊዜ 547 መቀመጫዎች ነበሩት፤ ከነዚህ 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ነበሩ። «ነፍስ ይማር፤ ነገር ግን ይህንና ያንን አድርገዋል» የሚል ድምፅ በዚያ ቤት ሊሰማ አይችልም ነበር።

ስምንት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እኛ በምንኖርባት በለንደን የተቃራኒውን አየን። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2013 ወይዘሮ ማርጋሬት ታቸር አረፉ። በዚያው ማታ በብሪክስተን ሰዎች አደባባይ ወጥተው ጨፈሩ። በቀጣዩ ቅዳሜ በትራፋልጋር አደባባይ፣ ፖሊስ ዙሪያውን ቆሞ እያየ፣ የማዕድን ሠራተኞች ከነባንዲራቸው መጥተው የደስታ ስብሰባ አደረጉ። ስለ ጠንቋይ ሞት የሚዘፈን የድሮ የፊልም ዘፈን በሽያጭ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ ቢቢሲም ሙሉውን ላጫውተው ወይስ አላጫውተው ብሎ ተጨንቆ ጥቂት ሰከንድ ብቻ አሰማ። በምክር ቤቱ የመታሰቢያ ስብሰባ ላይ የተቃዋሚው ፓርቲ አባል ግሌንዳ ጃክሰን ተነሥተው ሟቿ በአገሪቱ ላይ አደረሱት የሚሉትን ጥፋት ሳይቀንሱ ተናገሩ፤ የወግ አጥባቂዎቹ አባላት ጮኹባቸው፤ አፈ ጉባኤው ግን ንግግሩ ከሥርዓት አልወጣም አሉ። በኤፕሪል 17 ታላቅ ቀብር ሆነ። መንገድ ዳር ከቆመው ሕዝብ አብዛኛው አጨበጨበ፤ ሬሳ ሣጥኑ ሲያልፍ ጀርባቸውን ያዞሩም ነበሩ።

ይህን ስንል እንግሊዞች በሙት ላይ ጨዋ ናቸው ማለታችን አይደለም። እኛ በዚህ ጉዳይ የምናውቃቸው ከማንም ይበልጣል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ ወታደሮቹ በአስከሬናቸው ላይ ሆ እያሉ የደስታ ጩኸት አሰሙ፤ ልብሳቸውንም ለማስታወሻ ይሆነን ብለው እየቀደዱ ራቁታቸውን ሊያስቀሩ ጥቂት ቀራቸው። ይህን በነቀፌታ የጻፈው ከጦሩ ጋር የነበረው እንግሊዛዊ ክሌመንትስ ማርካም ነው። ጸጉራቸው ሳይቀር ተቆርጦ ተወሰደ። ቁንዳላቸው የሞተ ፊታቸውን ከሳለው ሰው ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1959 ለብሔራዊ ጦር ሙዚየም ተሰጥቶ በቼልሲ ሲቀመጥ ኖረና በ2019 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1879 በሊድስ ሲሞት ንግሥት ቪክቶሪያ በዕለት ማስታወሻዋ ላይ ማዘኗን ጻፈች፤ በዊንዘርም አስቀበረችው። ዓፅሙ ይመለስልን የሚለውን ጥያቄ ግን ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሌሎችን ዕረፍት ሳናውክ አይሆንም ሲል መለሰ። ለራሳቸው ሰውም ቢሆን አልራሩም። የኦሊቨር ክሮምዌልን ሬሳ እ.ኤ.አ. በ1661 ከመቃብር አውጥተው ሰቀሉት፤ ራሱንም ቆርጠው በዌስትሚኒስተር አዳራሽ ላይ ለብዙ ዓመት ተከሉት። ዛሬ በዚያው አዳራሽ ደጃፍ ሐውልቱ ቆሟል፤ የተሠራው በ1899 ነው። ከሬሳ መስቀል ተነሥተው ጀርባ ማዞር እስኪደርሱ ሦስት መቶ ኀምሳ ዓመት ወስዶባቸዋል።

ቴዎድሮስን ካነሣን አይቀር፣ የራሳችንንም ሰዎች ኀዘን አሳምረን አንሳል። በዚያ ሰሙነ ሕማማት ንጉሡ ከእስረኞቻቸው መካከል በመቶ የሚቆጠሩትን ወደ ገደል አስጥለዋቸው ነበር። ቀደም ሲልም ጎንደርን አቃጥለዋል። በቤጌምድርና በወሎ የእርሳቸውን ሞት በእልልታ የሰማ ሰው ቢኖር ምክንያት ነበረው። ቴዎድሮስን ዛሬ የምናውቃቸው ጀግና ያደረጓቸው ኋላ የመጡት ናቸው፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን። ጀግንነታቸው እውነት ነው። የገደሉ ሥር አጥንትም እውነት ነው። እኛ ግን አንዱን ስናነሣ ሌላውን መጣል ለምዶብናል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ይህ ገጽ ሌላውን ብቻ የሚወቅስ ከሆነ ዋጋ የለውምና። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. እኛ በነፃ አገር የምንኖር፣ ማንም ድንኳን ያልጣለብን፣ ምን አደረግን? ከፊላችን «እንኳን ደስ ያላችሁ» ተባባልን። ከፊላችን በሞት መደሰት ኢትዮጵያዊነት አይደለም እያልን ተቆጣን። ለሳምንታት የተከራከርነው በሞት ይደሰቷል ወይስ አይደሰቱም በሚለው ላይ ነበር። ሞት የኛ ድል አልነበረም፤ የሠራነው ሥራ አልነበረበትምና። እስክንድር ነጋና አንዱዓለም አራጌ በዚያ ቀን ቃሊቲ ነበሩ፤ የተፈቱት በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። ፓርቲው እንዳለ ቀጠለ። የጨፈርነው ተከሳሹ ሳይጠየቅ ስላመለጠ እንደነበር ያኔ የተረዳን ጥቂቶች ነን።

ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሐራሬ ሆነውም ቢሆን በሌሉበት ተከሰዋል፤ ምስክር ተሰምቷል፤ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብለዋል። የተፈረደው በባዶ ወንበር ላይ ቢሆንም የሟች ቤተሰብ ፍርድ ቤት ገብቶ የልጁን ስም ጠርቷል። በአቶ መለስ ዘመን ለሞቱት ይህ እንኳን አልተደረገም። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በሰኔና በጥቅምት መጨረሻ የተገደሉትን እንዲያጣራ ራሱ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሰዎች መቁሰላቸውን አረጋገጠ፤ ከአባላቱም አብዛኞቹ የተወሰደው እርምጃ ከልክ ያለፈ ነው ብለው ድምፅ ሰጡ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ ይህን ውሳኔ ቀይሩ ሲባሉ አገር ጥለው ተሰደዱ።

ዛሬ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ የገባ ሰው በጥቂት እርምጃ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱን፣ በ1984 ዓ.ም. ከጅምላ መቃብር ወጥተው እዚያ ያረፉትን ስልሳዎቹን፣ አቶ መለስንም ያገኛቸዋል። ከለንደን ሄዳ ለኢትዮጵያ ስትጮህ የኖረችው ሲልቪያ ፓንክረስትም እዚያው ናት። የ193ቱ ሰዎች መታሰቢያ ግን በዚያ ግቢ የለም። ስማቸው ዳኞቹ ይዘውት በተሰደዱት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ቀበሌው ድንኳን ሲጥልና ሰው ሁሉ ይውጣ ሲባል ከነዚያ ቤተሰቦች ስንቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሄደው እንደተቀመጡ፣ እዚያም ተቀምጠው ለማን እንዳለቀሱ፣ እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም።